ከደብረ ብርሃን ጂንካ፦ የታደለችን ጎደሬ ማን ይበላል?

ከእኛ ከደብረ ብርሃን ሰው ጂንካን በዓይኑ ያየ ስንቱ ይሆን? እኔ ራሴ እስከ ዘንድሮ የማውቃት በአየር ጠባይ ዜና ብቻ ነበር። ሙቀቷን ሲናገሩ ሰምቼ ብርድ ልብሴን ወደ አንገቴ እስብ ነበር እንጂ እዚያ እደርሳለሁ ብዬ አስቤም አላውቅም። አሁን ሄጄ ተመልሻለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ በየደጁ እያስቆመ "ትርንጎ፣ እስቲ ያየሽውን ንገሪን" ስላለኝ፣ ስደጋግመው ከምውል አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ሥራዬ ንግድ መጀመር የሚፈልጉ ሰዎችን ማሠልጠን ነው። የንግድ ዕቅድ ውድድር የሚባል ነገር አለ፤ ወጣቶቹ ያሰቡትን ሥራ በሰው ፊት ያስረዳሉ፣ ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ፣ የበለጠው ይሸለማል። ይህን በእኛ አካባቢ ስመራ ቆይቼ ስሜ ጂንካ ድረስ ተሰማ መሰለኝ ጠሩኝ። ሽልማቱ በመናኸሪያው አጠገብ ያለች አንዲት የንግድ ክፍል ናት፤ አሸናፊው ለሁለት ዓመት ያለ ኪራይ ይሠራባታል።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ ተነሣን። እኔ የደብረ ብርሃን ሰው አይደለሁ? ወፍራሙን ጋቢዬን ተከናንቤ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ገና ሲያዩኝ "እህቴ፣ ይህን ይዘሽ ወዴት ነው?" አሉኝ። "ጂንካ" ስላቸው ሳቃቸውን መዋጥ አቃታቸው።

አርባ ምንጭ ልንገባ ስንል በመስኮት ሙዝ ገዛሁ። እኛ አገር ሙዝ የሕመምተኛ መጠየቂያ ነው፤ እዚያ ግን እንደ ድንች በየመንገዱ ተከምሯል። ስስት ያዘኝና አንድ ሙሉ ዘለላ ገዝቼ በጋቢዬ ጠቅልዬ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት። የማን ከባድ ሻንጣ እንደተጫነበት እንጃ፣ ማታ አልጋ ክፍሌ ገብቼ ጋቢውን ስፈታ ሙዝ ሳይሆን ገንፎ አገኘሁ። ወይ አበሳዬ! አጠብኩት፣ አሸሁት፤ ጋቢዬ ግን እስከ ዛሬ ሙዝ ሙዝ ይሸታል። ለእራት የቀረበልኝ የሐይቅ ዓሣ ባያጽናናኝ ኖሮ ከዚያው እመለስ ነበር።

ማክሰኞ

ኮንሶ ላይ ቁርስ በላን። ከበቆሎ ዱቄት የተድቦለቦለና ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ ምግብ ነው። መጀመሪያ አፌን ሰብሰብ አደረግሁ፣ ኋላ ግን ሳህኑን ጠረግሁት። ተራራው ሁሉ በድንጋይ እርከን ታጥሯል። እኛ ድንጋዩን ከማሳ ለቅመን ዳር እንከምረዋለን፤ እነሱ አፈሩን ያዙበት።

ከዚያ ወረድን፣ ወረድን፣ ወይጦ ደረስን። ጉድ ፈላ! ሙቀቱ እሳት የነደደበት ቤት እንደ መግባት ነው። ጎማችንም ያን ጊዜ አይደል የሚተነፍሰው! ወርደን ጥላ ስንፈልግ አንዲት የፀማይ ሴት ከግራር ሥር ቁጭ ብላ ጋቢዬን አየችና በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናገረች። አጠገቧ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም ምን እንዳለች ሳይገባኝ ሳቅሁ። ፈቀቅ ብላ ከጥላው አካፈለችኝና ጎማው እስኪቀየር ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ቀይ አፈር ከምትባለው ከተማ በኋላ መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ንፋሱም ቀዝቀዝ ይላል። ጂንካ ስገባ ሰው የሚፈራው ሙቀት የለም፤ አረንጓዴ፣ ደመና ያዘለ፣ ደስ የሚል ከተማ ነው። የአየር ጠባይ ዜናውን ድሮውንም በደንብ አልሰማሁትም መሰለኝ። ዳንኤል መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኛል። ውድድሩን የሚያስተባብር የቢሮ ሰው ነው፤ ወላጆቹ ከወላይታ መጥተው እዚያው ወለዱት።

"ወይዘሮ ትርንጎ፣ ሆቴሉ ለሌላ ስብሰባ ፉል ሆኗል። ግን ፕላን ቢ አለን።"

ፕላን ቢ እማማ ማርታ ናቸው። የጂንካ አካባቢ ነባር ሕዝብ የሆነው የአሪ ተወላጅ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው በየከተማው ተበትነዋል፣ አንድ ክፍል ትርፍ አላቸው። አማርኛን በገበያ ስለተማሩት ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚሉት። "ና ግባ፣ ደክሞሃል" ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ። እግሬን በሞቀ ውኃ አጠቡኝ፤ እኛ አገር እንኳ ቀርቷል፣ ይህ። ከዚያ ቆጮና ጎመን በአንድ ሳህን አቀረቡና ከእኔው ጋር ከአንዱ ሳህን በሉ። ልጆቻቸው ከሄዱ ወዲህ ብቻቸውን መብላት እንደሰለቻቸው ነገሩኝ። ዘመዴ ቤት የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

ረቡዕ

ለዓርቡ ውድድር የሚዘጋጁትን ተወዳዳሪዎች አገኘኋቸው። ከቀይ አፈር የመጣ አንድ የማር ነጋዴ ወጣት "ተፎካካሪህ ማን ነው?" ብዬ ስጠይቀው፣ ሳያመነታ "ጉንዳን ነው፤ ቀፎ ውስጥ ይገባብኛል" አለኝ። ማስተካከል ነበረብኝ፤ ግን እውነቱን እኮ ነው።

መጨረሻ ላይ ከጂንካ በላይ ደጋው ላይ ካለችው ከገዘር የመጣች ታደለች የምትባል ልጅ ተነሣች። አጭር፣ ቁጥብ፣ ጥፍሯ ሥር ሸክላ አፈር ያለባት። ዕቅዷ ቁርስ ቤት ነው፤ በማለዳ ለመንገደኛ ትኩስ ጎደሬ ከቦሎቄና ከጎመን ጋር ቀቅላ፣ እናቷ በሠሩት የሸክላ ጣባ ማቅረብ። እኔ ሆዴ ባዶ ሆኖ መናኸሪያ የወረድኩ ሰው ነኝና "እሰይ! ይሄ ነው እኮ!" ብዬ አጨበጨብኩ። ያጨበጨብኩት ግን ብቻዬን ነው።

በዕረፍት ሰዓት ዳንኤል ወደ ጥግ ወሰደኝ። "ልጅቷ ማና ናት" አለኝ። በአሪ ዘንድ ሸክላ የሚሠሩት ወገኖች ናቸው ማና የሚባሉት። ድስታቸውን ሁሉም ይገዛል፤ ከእጃቸው ግን ሌላው አይበላም፣ አብሯቸውም አይቀርብም። "አሁን እየቀረ ነው፤ በቸርች በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። ምግብ ላይ ግን ገና ነው።"

አልገረመኝም፤ ያመመኝም ስላልገረመኝ ነው። እኛስ ሸክላ ሠሪውን ቡዳ ስንል አልኖርንም? እናቴ ምጣድ ከገዛችባት ሴት ቤት ውኃ እንኳ እንዳንጠጣ ትከለክለን ነበር። ስንት አገር አቋርጬ ስመጣ የእናቴን ደጅ አገኘሁት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ምግብ ያቀረበ ተወዳዳሪ ለታዳሚው ማስቀመስ አለበት፤ ቀምሶ የወደደ አንድ ባቄላ በሳህኑ ይጥላል፣ ባቄላውም ነጥብ ይሆናል። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በደብረ ብርሃን ሰው ለመቅመስ ይጋፋል፤ እዚህ ግን ልጅቷን በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ላዋርዳት ነው።

"ከቴስቲንጉ ኤክስኪዩዝ እናድርጋት" አለ ዳንኤል። "ሴንሲቲቭ ነገር ነው።" እኔም ተስማማሁና ታደለችን ጠርቼ፣ ሳታስቀምስ ዕቅዷን ብቻ እንድታቀርብ ነገርኳት።

መሬት መሬት እያየች ሰማችኝና ቀና አለች። "ካልበሉልኝ ክፍሉ ምን ያደርግልኛል?" አለችኝ። "ቢሰጡኝስ ለማን ልቀቅል? ይቅመሱ። እምቢ ካሉም ዓርብ ልወቀው።"

ደንቡ ባለበት ጸና።

ወደ እማማ ማርታ ቤት ስመለስ ታደለች አብራኝ መጣች። ለካ እናቷ የታዘዘ ድስት ይዘው መጥተው ደጁ ላይ ተቀምጠዋል። እማማ ማርታ ድስቱን አንኳኩተው ድምፁን ሰሙ፣ ወደዱት፣ ስለ ቤተሰቡ ጠየቁ። ከዚያ አጥሩ ላይ ለብቻዋ የተንጠለጠለች አንዲት ቅል አንሥተው የቡና ቅጠል ፍል ቀዱላቸው። እኝያ እናት እዚያው ደጅ ጠጥተው ቅሏን ራሳቸው አጥሩ ላይ መለሷት። ሁለቱም አልተቀየሙም፤ እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል።

ከሄዱ በኋላ "ለምን አልገቡም?" ብዬ ጠየቅሁ።

"እሷ አትገባም፣ እኔም አልጠራም" አሉ እማማ ማርታ። "የአባቶች ነገር ነው። አንተ እንግዳ ነህ፣ ተወው።"

ሐሙስ

የተወዳዳሪዎቹን የሥራ ቦታ ማየት ልማዴ ነውና በሚኒባስ ገዘር ወጣሁ። ጉም! ብርድ! ይኸው ደብረ ብርሃን! ጋቢዬን በኩራት ተከናነብኩ፤ የወይጦዋ ሴት አሁን ባየችኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ተሳፋሪ አየር ስባ "ሙዝ አለ እንዴ?" ብላ ብትጠይቅም ኩራቴ አልቀነሰም።

የታደለች እናት ቤት ደጃፉ ላይ ያልተቃጠሉ ድስቶች ተደርድረው ይደርቃሉ። ገባሁ። እናትየው ደንግጠው ብድግ አሉ። ታደለች ጎደሬውን በጣባ አቀረበች። እናቷ አይበሉም፤ አፌን አፌን ያያሉ። ጎደሬው ቅቤ የመሰለ፣ ቦሎቄው ያልፈረሰ፣ ሸክላው ደግሞ የጭስ ጣዕም የሰጠው። ጣባውን ጨርሼ "ድገሚኝ" ስል እናትየው በእጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም።

"እማማ ማርታን ያውቋቸዋል?" አልኳቸው በታደለች በኩል።

"'የመጀመሪያ ልጇን ያጠበችው በእኔ ማሰሮ በሞቀ ውኃ ነው' ትላለች" ብላ ታደለች ተረጎመችልኝ። "'ልጆቿን ሁሉ ያሳደገችው በእኔ ድስት ነው። ጥሩ ሰው ናት' ትላለች።"

ማታ እራት ሲቀርብ የዋልኩበትን ለእማማ ማርታ ነገርኳቸው። ምን እንደበላሁም አልደበቅሁም። እጃቸው ሳህኑ ላይ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡና የራሳቸውን ድርሻ በሌላ ሳህን ወስደው ከምድጃው ማዶ ተቀመጡ።

የእኛ አገር ሰው እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይላል። ብረት ሆንኩ። ከማና ጋር ስለበላሁ ከእኔም ጋር መብላት ቀረ ማለት ነው። እንደ ምንም ድምፄን አበርትቼ የታደለች እናት ያሉትን፣ የማሰሮዋንና የልጁን ነገር፣ ነገርኳቸው። ምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት እያዩ ቆዩ።

ዓርብ

ጠዋት ቦዬ የሚሉትን እንደ ድንች ያለ ሥር ቀቅለው አመጡ። አንድ ሳህን ነው። ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እኔ ለመጀመር ፈራሁ፤ ብጀምር የሚሸሹ መሰለኝ። በመጨረሻ እጃቸውን ሰደዱና ከእኔ ጎን ቆርሰው ጎረሱ።

"ብላ፣ ይቀዘቅዛል" አሉኝ። ጥቂት እንዳላመጡ ደግሞ "ስንት ሰዓት ነው?" አሉ።

"ምኑ?"

"የልጅቷ ነገር።"

አዳራሹ ሞልቷል። የማሩ ወጣት አስቀመሰ፤ ሳህኑ በባቄላ ሞላ። ሌሎቹም አለፉ። ታደለች ተራዋ ሲደርስ ዕቅዷን አቀረበች፤ ድምጿ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ የድስቱን ክዳን ከፍታ ጣባዎቹን ደረደረችና ወደ ታዳሚው ዞራ ቆመች።

ማንም አልተነሣም።

እንፋሎቱ ይወጣል። አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ ጣሪያውን ያያል። እኔ አላስቻለኝም፤ ሄጄ በላሁ። ውድድሩን የምመራው እኔ ስለሆንኩ ባቄላ መጣል አይፈቀድልኝም፤ መብላት ግን ማን ይከለክለኛል? ከኋላ አንድ ሰው "እሷማ እንግዳ ናት፣ ምን ታውቃለች" ሲል ሰማሁ። እውነቱን ነው፤ የእኔ መብላት አልተቆጠረም። ታደለች ግን አልተቀመጠችም። ጭልፋውን ይዛ ቀጥ ብላ ቆማለች። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። እማማ ማርታ ናቸው፤ ጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው በመካከለኛው መተላለፊያ ቀስ እያሉ መጡ። ሁሉም ያውቃቸዋል፤ የአሪ ባላባት ዘር ናቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም የተከበሩ። ጠረጴዛው ጋ ደረሱ። ጥላቸውን ለእኔ አስያዙኝ። ጣባ አነሡ። ታደለች አንድ ጭልፋ ሞልታ ጨለፈችላቸው።

ጎረሱ። አላመጡ። ደግሞ ጎረሱ።

"ጨው ያንሰዋል" አሉ ጮክ ብለው።

ከዚያ ጣባውን እስከ መጨረሻው ጨርሰው ባቄላቸውን ጣሉና ጥላቸውን ተቀብለውኝ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

አንድ ሰው ሳቀ። ሁለተኛው ተከተለ። ዳንኤል ከረባቱን አስተካክሎ "እኔም እንደ ኮኦርዲኔተር ቼክ ማድረግ አለብኝ" እያለ መጣ። ከእሱ ኋላ የመዘምራን ልብስ የለበሱ ልጆች፣ ከእነሱ ኋላ ሌሎች መጡ። ሁሉም አልመጣም፤ እጃቸውን አጣምረው የቀሩ አሉ፣ ጥለው የወጡም አሉ። ግን ድስቱ አለቀ። "ጨው ያንሰዋል፣ እውነት ነው" እያሉ በሉት።

ዋሽቼ አሸነፈች ብላችሁ ደስ ባላችሁ። አላሸነፈችም። ክፍሏን የወሰደው የማሩ ወጣት ነው፤ ዕቅዱ በሚገባ የተሠራ ነበር፣ ዳኞቹ አላጠፉም። ታደለች ሁለተኛ ወጣች፤ ለሁለተኛ ደግሞ ክፍል የለም። ላጽናናት ብዬ ሄጄ ያለቀስኩት እኔው ነኝ። እሷ ባዶውን ድስት አቅፋ "አለቀ እኮ" ትለኛለች። "አዩት? አለቀ።"

ቅዳሜ

የመሄጃዬ ቀን። ማልጄ ተነሥቼ ሻንጣዬን አሰርኩና ቁርስ ጠበቅሁ። ምድጃው ቀዝቅዟል።

"ዛሬ እዚህ ቁርስ የለም" አሉ እማማ ማርታ። "ተነሥ፣ እንሂድ።"

እንዴ! በመጨረሻው ቀን በባዶ ሆዴ? በልቤ እያጉረመረምኩ ተከተልኳቸው። እሳቸው ከቀሚሳቸው ኪስ አንዲት ትንሽ የጨው ጥቅል አውጥተው በእጃቸው ይዘዋል። ያኔም አልገባኝም፤ የራበው ሰው አእምሮ ቀርፋፋ ነው።

መናኸሪያው አጥር ሥር፣ መሬት ላይ፣ ታደለች ድስቷን ጥዳለች። ጣሪያ የለ፣ ወንበር የለ። ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነውና እናቷም ሸክላቸውን ይዘው መጥተው አጠገቧ ተቀምጠዋል። ሁለት ሹፌሮች ቆመው ይበላሉ። እኛን ሲያዩ እናትየው ልማዳቸው ነውና ቦታ ለመልቀቅ ብድግ አሉ።

እማማ ማርታ ትከሻቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። እሳቸውም ድንጋይ ስበው ከጎናቸው ተቀመጡ። የያዙትን ጨው ለታደለች ሰጧት፤ እሷም ድስቱ ውስጥ ጨምራ አማሰለች። ለእኔ በአንድ ጣባ፣ ለሁለቱ እናቶች ደግሞ በአንድ ጣባ አቀረበች፤ እማማ ማርታ በጣታቸው አንድ ብለው ስላሳዩዋት ነው።

እናትየው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀሩ። እማማ ማርታም አልጀመሩም። ጣባው በመካከላቸው ይተናል። የአውቶቡሱ ረዳት "አርባ ምንጭ! አርባ ምንጭ!" እያለ ይጣራል፤ እኔ ግን እግሬ አልነሣ አለኝ። በመጨረሻ እማማ ማርታ በአሪኛ አጭር ቃል ተናገሩ። እኝያ እናት እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ከጣባው ቆንጥረው ጎረሱ። እማማ ማርታም እዚያው ከጎኑ ጎረሱ።

ጣባዬን ባንድ ትንፋሽ ጨርሼ ሦስቱንም ስሜ ተሳፈርኩና በመስኮት ብቅ አልኩ። ሁለቱ አሮጊቶች አሁን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እጃቸውን እያወናጨፉ ይነጋገራሉ። የተጣሉ መሰለኝና ደነገጥኩ።

"ታደለች! ምን እያሉ ነው?" ብዬ ጮህኩ።

ታደለች በክንዷ ዓይኗን ጠረገች።

"እናቴ 'ጨው አበዛሽበት' ትላለች" አለችኝ። "እማማ ማርታ ደግሞ 'አልበዛም' ይላሉ።"